ሽማግሌው፣ መጋቢው፣ ጉባኤው፦ በደንቡ ላይ ማን ምን ይወስን?

ደንብ አርቃቂ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለች የአማርኛ ተናጋሪዎች ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንቧን እያሻሻለች ነው፤ ሥራው ለአንድ ኮሚቴ ተሰጥቷል። ነባሩ ደንብ አንቀጽ 4 ላይ «የመጨረሻው ወሳኝ አካል የምእመናን ጠቅላላ ጉባኤ ነው» ይላል። አንቀጽ 9 ላይ ደግሞ «ሽማግሌዎች የቤተ ክርስቲያኒቱን መንፈሳዊና አስተዳደራዊ ጉዳይ ሁሉ በበላይነት ይመራሉ» ይላል። ሁለቱ ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸና የሚናገር መስመር የለም።

መዝገቡ ላይ 240 አባላት አሉ፤ እሑድ እሑድ ከእነዚህ የሚገኘው ግን ከ110 አይበልጥም። ሰባት ሽማግሌዎችና ደመወዝ የሚከፈለው አንድ መጋቢ አሉ። አዲስ ሽማግሌ ሲያስፈልግ ነባሮቹ ስም ይዘው ይመጣሉ፣ ጉባኤው «አሜን» ይላል፣ በዚያው ያልቃል።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ቤተ ክርስቲያን ዲሞክራሲ አይደለችም፤ ሽማግሌ ይምራ፣ ምእመን ይጸልይ» ይላል። ሌላው «ዐሥራት የሚያወጣው ሕዝቡ ነው፣ ሕዝቡ ይወስን» ይላል። ጥቅሱን ከሁለቱም በኩል ጠግበናል። አሁን የቸገረን ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ነው፦ መጋቢ መጥራትና ማሰናበት፣ በጀት፣ ሕንጻ፣ የሽማግሌ ምርጫ፣ አባልን በሥነ ሥርዓት መቅጣት የማን ይሁን? ምልዓተ ጉባኤውስ (ስብሰባው እንዲጸና መገኘት ያለበት ሰው ቁጥር) ስንት?


አንቀጽ በአንቀጽ

«ማን ይበልጣል» ብላችሁ ከጀመራችሁ አትጨርሱም። ውሳኔዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሩና ለእያንዳንዱ ማን ሐሳቡን እንደሚያቀርብ፣ ማን እንደሚያጸድቅ፣ በስንት ድምፅ እንደሚያልፍ ጻፉ። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የተደረገው ይኸው ነው። ቁጥሩንና መስፈርቱን ያወጡት ሐዋርያት ናቸው፤ ሰባቱን ሰዎች የመረጠው ሕዝቡ ነው፤ ጸልየው እጅ የጫኑት ደግሞ ሐዋርያት ናቸው። የኒው ኢንግላንድ ጉባኤያዊ አብያተ ክርስቲያናትም በ1648 ባወጡት የካምብሪጅ ፕላትፎርም አስተዳደሩ ቅይጥ መሆኑን በግልጽ አስፍረዋል፦ ራስዋ ክርስቶስ ስለ ሆነ ንጉሣዊ፣ ሽማግሌዎች ስላሏት የጥቂቶች፣ ወንድሞች ሥልጣን ስላላቸው የብዙኃን። የኮሚቴያችሁ ሁለት ወገኖች እንግዲህ ግማሽ ግማሹን ይዘው ነው የሚከራከሩት።

እናንተን ለሚያህል ቤተ ክርስቲያን እኔ የማቀርበው ክፍፍል ይህ ነው። መጋቢ መጥራትና ማሰናበት፣ ሽማግሌ መምረጥና ማውረድ፣ ዓመታዊ በጀት፣ መሬትና ሕንጻ መግዛት፣ መሸጥና ለብድር ማስያዝ፣ ደንብ ማሻሻል፣ ከሌላ ጋር መዋሐድ ወይም መፍረስ ያለ ጉባኤው ድምፅ አይጽኑ። ሐሳቡን አጥንተው የሚያቀርቡት ግን ሽማግሌዎች ይሁኑ። አንድ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ያነሣውን የሕንጻ ሐሳብ በዚያው ቀን የሚያጸድቅ ጉባኤ፣ ብድሩን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሌላ በኩል ሽማግሌዎች አጀንዳውን ቆልፈው እንዳይቀመጡ፣ ከአባላት 15 በመቶው ፈርመው ካመለከቱ በ30 ቀን ውስጥ አስቸኳይ ጉባኤ የግድ የሚጠራበት አንቀጽ ይኑር። ያ አንቀጽ ከሌለ፣ ጉባኤው «የመጨረሻ ወሳኝ» ቢባልም ካልጠሩት አይሰበሰብም፤ ካልተሰበሰበ ደግሞ የለም።

ማን ይስበክ፣ ምን ይማር፣ ጥምቀትና የጌታ እራት፣ የምክር አገልግሎት፣ የአገልጋዮች ምደባና በጸደቀው በጀት ውስጥ ያለ ወጪ የሽማግሌዎች ይሁን። ከበጀት ውጭ ለሚያወጡት ጣሪያውን በቁጥር ጻፉ፤ ለምሳሌ «በአንድ ዓመት በድምሩ ከበጀቱ 3 በመቶ ያልበለጠ»። «አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ» ጣሪያ አይደለም፣ በር ነው። ከዚያ «በዚህ ደንብ ለጉባኤው በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የሽማግሌዎች ነው» የሚል መስመር ጨምሩ። አንቀጽ 4ና 9ን ያጋጨው የዚህ መስመር አለመኖር ነው።

ድምፅ ላይ ብዙ ደንብ የሚሰናከለው «ሁለት ሦስተኛ» ብሎ ዝም ሲል ነው። የምኑ ሁለት ሦስተኛ? ከ240ው 96 ሰው ተገኘ፣ 57 ደገፈ፣ 27 ተቃወመ፣ 12 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ እንበል። ከተሰጠ ድምፅ ከሆነ መሠረቱ 84 ነው፤ 56 ስለሚበቃ አለፈ። ከተገኙት ከሆነ 64 ያስፈልጋል፤ ወደቀ። ከመዝገቡ ከሆነ 160 ያስፈልጋል፤ አዳራሹ ውስጥ ያን ያህል ሰው የለም። ያው ቆጠራ ሦስት ዓይነት ውጤት ሰጠ ማለት ነው፤ የተሸነፈው ወገንም የሚመቸውን ንባብ ይዞ ጠበቃ ዘንድ ይሄዳል። «ከተሰጠው ድምፅ፣ ተአቅቦና ዋጋ የሌለው ወረቀት ሳይቆጠር» ብላችሁ ጨርሱት።

መጋቢ ለመጥራት 75 በመቶ፣ ለማሰናበት ግን ከግማሽ በላይ ይብቃ እላለሁ። የተገለበጠ ይመስላል፤ ምክንያት አለው። በ51 በመቶ የተጠራ መጋቢ ግማሹ ያልፈለገውን ቤት ይረከባል። ለማሰናበት 75 በመቶ ከተጠየቀ ደግሞ 70 በመቶው «ይብቃ» ያለው ሰው በወንበሩ ይቀጥላል፤ ያኔ ሕዝቡ ድምፅ መስጠቱን ትቶ ቤተ ክርስቲያን መቀየር ይጀምራል።

ምልዓተ ጉባኤን «ግማሽ ሲደመር አንድ» ብትሉ 121 ሰው ያስፈልጋችኋል፤ የሚመጣው 110 ነው፤ አንድም ስብሰባ አይካሄድም። መጀመሪያ መዝገቡን አጥሩ። ስድስት ወር ያልታየ አባል ደብዳቤ ይጻፍለት፤ በ60 ቀን መልስ ካልሰጠ ድምፅ ወደማይሰጡ አባላት ዝርዝር ይዛወር። ከስም ዝርዝር ይሰረዝ አላልኩም፤ ተመልሶ ሲመጣ ቦታው ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ ከቀሪው አንድ ሦስተኛ በቂ ነው። ሳይሞላ ቀርቶ በ14 ቀን ውስጥ ለሚጠራ ሁለተኛ ስብሰባ «በተገኙት ይካሄዳል» የሚሉ ደንቦች አሉ፤ ብትቀበሉትም ለበጀትና ለምርጫ ብቻ ይሁን፣ ለሕንጻና ለደንብ ማሻሻያ አትፍቀዱት።

የሽማግሌ ምርጫው የተሻለ ሥርዓት ይፈልጋል። የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት፤ ሰባቱ 3፣ 2፣ 2 ሆነው በየዓመቱ ይተኩ፤ ሁለት ዘመን በተከታታይ ያገለገለ አንድ ዓመት ይረፍ። ሰባቱም ባንድ ቀን ቢወርዱ ብድሩን፣ የኪራይ ውሉንና የተጀመረውን የምክር ጉዳይ የሚያውቅ ሰው አይቀርም። ጥቆማው ለሁሉም አባል ለአራት ሳምንት ክፍት ይሁን። ሽማግሌዎች በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 እና በቲቶ 1 መስፈርት ያጣሩ። የተጣሩት ስሞች ለሦስት ሳምንት ይለጠፉ፤ ተቃውሞ ያለው በስሙ ፈርሞ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ስም የሌለው ወረቀት አይታይ። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ዕጩ ላይ ለየብቻው «እደግፋለሁ / አልደግፍም» ይባል፤ የሚያልፈው በሁለት ሦስተኛ። አምስት ስም በአንድ ጥቅል ካቀረባችሁ አራቱን የወደደ ሰው አምስተኛውንም ሳይወድ ያሳልፈዋል።

ሰውን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ድምፁ በምስጢር ይሁን። በእኛ ሰው ዘንድ ዕጩው ፊት ለፊት ተቀምጦ እጅ አውጡ ማለት ይሉኝታን መቁጠር ነው።


ዕብራውያን 13

ከላይ ያለው ጥሩ ነው፤ ግን ሚዛኑ ወደ ጉባኤው አዘንብሏል። «ለዋኖቻችሁ ታዘዙና ተገዙ» የተጻፈው ለጌጥ አይደለም፤ እነርሱ ስለ ነፍሳችሁ ሒሳብ ይሰጣሉና ነው ያለው። የእምነት መግለጫውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚለወጥ አንቀጽ ውስጥ አትጨምሩት። ለእርሱ ለብቻው ጠበቅ ያለ ድንጋጌ ይኑር፤ ቢያንስ የሽማግሌዎች ሙሉ ስምምነትና በሁለት የተለያዩ ዓመታት የሚሰጥ የጉባኤ ድምፅ። አለበለዚያ በአንድ የሞቀ ዓመት የሚመጣ አዲስ ትምህርት ደንቡን አልፎ ይገባል።

አባልን በመቅጣትም ጉዳዩ ጉባኤ ላይ በዝርዝር እንዲወራ አልደግፍም። ማቴዎስ 18 ደረጃ አለው፦ ለብቻ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ጋር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። ሽማግሌዎች ሁለቱን ደረጃዎች አድርሰው ውጤቱን ብቻ ያቅርቡ። ጉባኤው የመጨረሻውን እርምጃ ያጽድቅ፣ ማስረጃውን ግን አይመርምር። ልጆች በተቀመጡበት አዳራሽ የባልና ሚስት ገመና የተነበበባቸው ቦታዎች አሉ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ የሕግ ነገርም አለ። አባሉ «ወጥቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ ካስታወቀ በኋላ ሥነ ሥርዓቱን መቀጠልና በመድረክ ማሳወቅ ሊያስከስስ ይችላል፤ የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ከወጣ ሰው ላይ የተፈጸመው ድርጊት ጥበቃ እንደሌለው ወስኗል። ስለዚህ በአባልነት ቅጹ ላይ ሰውየው ሥርዓቱን አንብቦ ይፈርም፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ እዚያው ይቁም።


የአጥቢያው ጸሐፊ

እኔ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወገን ነኝ፤ የእናንተን ደንብ ልጽፍ አልችልም። የኛን አሠራር ማየት ግን ይጠቅማችሁ ይሆናል፤ ሥልጣን የሚከፈልበት መስመር ከእናንተ ይለያልና።

አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና በወጣው ቃለ ዓዋዲ (የቤተ ክርስቲያኒቱ የአስተዳደር ደንብ) የተቋቋመ ነው። አባላቱ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይውጣጣሉ፤ የደብሩ አስተዳዳሪ በሊቀ መንበርነት ይመራዋል። ከአጥቢያ ተነሥቶ በወረዳና በሀገረ ስብከት አልፎ እስከ መንበረ ፓትርያርክ ይደርሳል፤ ጠቅላላ ጉባኤው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይሰበሰባል። ምእመኑ ድምፁ የሚሰማው በገንዘብ፣ በንብረት፣ በሕንጻ፣ በልማትና በበጎ አድራጎት ነው። ክህነት ግን በአንብሮተ እድ (እጅ በመጫን) የሚሰጥ ስለ ሆነ በድምፅ አይሰጥም፣ በድምፅም አይነሣም። ዶግማና ቀኖና የቅዱስ ሲኖዶስ ነው። ሕዝቡ በሹመት ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ በግእዙ መጽሐፈ ሲኖዶስ (የጥንት ቀኖናዎች ስብስብ) ኤጲስ ቆጶስ የሚሾመው ሕዝቡ ሁሉ የመረጠው ነው። ይህን የምለው «ምርጫ የፈረንጅ ነው» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው።

ይህ አሠራር ምን እንደ ጠቀመ የታየው ወዲያው ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ ካህናቱ ሲተዳደሩበት የኖሩት የርስት ገቢ ቆመ። የአባላት መዋጮ የሚሰበስብ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ደመወዝ የሚከፍል አካል በየአጥቢያው ተቋቁሞ ባይሆን ኖሮ ብዙ ደብር ይዘጋ ነበር።

የሚበላሽበትም ቦታ የታወቀ ነው። ሊቀ መንበሩ አስተዳዳሪው ስለ ሆነ፣ አጀንዳውም ፊርማውም በእርሱ እጅ ከተጠቀለለ ምእመናኑ ለቁጥር ብቻ ይቀመጣሉ። መድኃኒቱ ትንንሽ ነገር ነው። የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፎች በተለያዩ ሰዎች እጅ ይሁኑ፤ ሣጥኑ ሁሉም ባሉበት ይከፈት፤ ገንዘቡ ባለበት ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ቆጣሪዎቹ ሁሉ ይፈርሙ፤ በማግሥቱ ባንክ ይግባ። ከጓዳ ወደ ጓዳ የሚዘዋወር ያልተቆጠረ ከረጢት ካለ ሌላው ሥርዓት ሁሉ ከንቱ ነው።

ውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎች ላይ ደግሞ ሌላ ግጭት አለ። በ1984 ዓ.ም. ተከፍሎ የነበረው ሲኖዶስ በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ዋሽንግተን ላይ ታርቋል፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ግን ብዙ አጥቢያዎች በየስቴቱ ሕግ በምእመናን ቦርድ ስም ተመዝግበው ነበር። ደንቡ «ቦርዱ ካህኑን ይቀጥራል፣ ያሰናብታል» ይላል፤ ቃለ ዓዋዲው ደግሞ ምደባው የሀገረ ስብከቱ ነው ይላል። ሁለቱን ሰነድ ሳያስታርቁ ሊቀ ጳጳስ መቀበል ጠቡን ለሌላ ቀን ማሳደር ነው። የእናንተም ቤተ ክርስቲያን የአንድ ኅብረት አባል ከሆነች፣ ኅብረቱ መጋቢ በመመደብና በንብረት ላይ ያለውን ሥልጣን ደንቡ ውስጥ በስሙ ጥቀሱት፤ ከሌለውም «የለውም» ብላችሁ ጻፉ።


ደንብ አርቃቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሦስት ነገር ቀረን። ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ ዘመድ አዝማድ በብዛት አባል ሆኖ እንዳይመዘገብ ምን ይደረግ? መጋቢው የሽማግሌዎች ሊቀ መንበርም፣ የቼክ ፈራሚም ነው፤ ይህ እንዴት ይታያል? ደግሞ ማንም ቅሬታ ሲያነሣ «የተቀባውን አትንኩ» ይባላል።


አንቀጽ በአንቀጽ

ለመጀመሪያው ቆራጭ ቀን አድርጉ፦ ድምፅ የሚሰጠው ከስብሰባው ቢያንስ 90 ቀን በፊት የአባልነት ትምህርት ጨርሶ የተመዘገበ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ከስብሰባው 14 ቀን በፊት ይለጠፍ፤ ስሜ ቀርቷል የሚል በሰባት ቀን ያመልክት። በር ላይ የሚደረግ ክርክር የሚመጣው ዝርዝሩ በዚያው ጧት ሲታይ ነው። የውክልና ድምፅንም በግልጽ ከልክሉ፤ ደንቡ ዝም ካለ ውክልናን የሚፈቅዱ የስቴት ሕጎች አሉና አንድ ሰው 20 ወረቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል። የስብሰባው ማስታወቂያ የሚጸድቀውን ሐሳብ ቃል በቃል ይያዝ። «ልዩ ልዩ» በሚል አጀንዳ ሥር ምንም ውሳኔ አይተላለፍ።


ሒሳብ ሹም

ስለ መጋቢው። ስብሰባ መምራቱ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ችግሩ መምራቱ፣ መፈረሙና የራሱን ደመወዝ በሚወስነው ድምፅ ውስጥ መቀመጡ ሲገናኙ ነው። የደመወዙ አጀንዳ ሲደርስ ከክፍሉ ይውጣ፣ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ዘመዶቹም በዚያ አይምረጡ። ቼክ ሁለት ፊርማ ይኑረው፣ ፈራሚዎቹ ከአንድ ቤተሰብ አይሁኑ፣ መጋቢው ከፈራሚነት ይውጣ። መባውን የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ ይቀያየሩ፤ የቆጠረው ሰው ባንክ አያስገባ፣ ባንክ ያስገባው መዝገብ አይያዝ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሽማግሌዎች ውጭ ያሉ ሁለት አባላት የባንክ መግለጫውን ከመዝገቡ ጋር አስተያይተው ለጉባኤው በቀጥታ ሪፖርት ያቅርቡ፤ ሪፖርታቸው በሽማግሌዎች በኩል ተጣርቶ አይቅረብ።

ብዙ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት የሚስቱት የመጋቢው የቤት አበል ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ አበል ከገቢ ግብር ነጻ የሚሆነው የሚመለከተው አካል መጠኑን ከመክፈሉ በፊት ወስኖ ሲመዘግበው ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ወደ ኋላ ተመልሶ «የዓመቱ አበል ይህ ነበር» ማለት አይሠራም። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ ለሚመጣው ዓመት ይወሰን፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረም። አበሉ ከገቢ ግብር ነጻ ቢሆንም በግል ሥራ ላይ ካለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ነጻ አይደለም፤ መጋቢው ይህን ቀድሞ ይወቀው።

ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊውን የሒሳብ ማሳወቂያ ቅጽ 990 ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) እንድትሞላ አትገደድም። «አንገደድም» ማለት ግን ለአባላት ሒሳብ አይታይ ማለት አይደለም፤ መንግሥት ስለማይጠይቅ የሚጠይቀው አባሉ ብቻ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ይለጠፍ፤ ገቢ፣ ወጪ፣ የብድር ቀሪ፣ የባንክ ቀሪ። የግለሰብ ዐሥራት መጠን ግን ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይይ፤ መጋቢውም ጭምር።


ዕብራውያን 13

«የተቀባውን አትንኩ» ያለው መዝሙር 105 ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው፤ ነገሥታት በእጃቸው እንዳይጎዷቸው የተባለ። ቅሬታን መከልከያ አይደለም። ሽማግሌ ሲከሰስ ምን እንደሚደረግ ራሱ ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ጽፎታል፦ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል፤ ጥፋት ቢገኝበት ግን በሁሉ ፊት ገሥጸው። ሁለቱንም ደንቡ ውስጥ አስገቡ። ክስ በጽሑፍ፣ ሁለት ፈራሚ ኖሮት፣ መጋቢው ከተከሰሰ ለሽማግሌዎች ጸሐፊ፣ ጸሐፊው ከተከሰሰ ለመጋቢው ይቅረብ። በ10 ቀን ደረሰኝ ይሰጥ፣ በ45 ቀን ውሳኔ። የተከሰሰው በጉዳዩ ላይ አይቀመጥ። ከሽማግሌዎቹ አብዛኞቹ ከተነኩ ከውጭ ሦስት የታወቁ አገልጋዮች ይጠሩ፤ የሚጠሩበት መንገድ ጠብ ሳይነሣ አስቀድሞ ይጻፍ። የሁለት ምስክሩ ሥርዓት ግን ወንጀልን መሸፈኛ አይሁን፤ በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃት ሲሆን መጀመሪያ ለፖሊስና ለሕፃናት ጥበቃ ይደወል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምርመራ ከዚያ በኋላ ነው።


የሰነድ ሰው

ዘግይቼ ገባሁ፤ ቨርጂኒያ ስላላችሁ ግን አንድ ነገር። እዚያ ስቴት ንብረቱ በባለአደራዎች ስም የተያዘ ቤተ ክርስቲያን ለመሸጥም ለማስያዝም የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ፈቃድ ሲጠየቅ የኖረበት የቆየ ሕግ አለ፤ ባለአደራዎቹንም የሚሾመው ያው ፍርድ ቤት ነው። በኮርፖሬሽን ከተመዘገባችሁ አካሄዱ ይለያል። ስለዚህ ደንቡን ከማርቀቃችሁ በፊት የሕንጻውን ወይም የመሬቱን ሰነድ አውጡና በማን ስም እንደ ተጻፈ እዩ። ጉባኤው 90 በመቶ ደግፎ፣ ሰነዱ ላይ ያሉት ሁለት ባለአደራዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ከወጡ ቆይተው፣ አንዱ አገር ቤት ገብቶ ሽያጩ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ።

ክርክር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው የትኛው ወገን ሃይማኖቱን በትክክል ያዘ ብሎ አይመረምርም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 በፈቀደው መንገድ ብዙ ስቴቶች የንብረት ክርክርን የሚፈቱት የንብረት ሰነዱን፣ የመመሥረቻ ጽሑፉንና ደንቡን እንደ ማንኛውም ወረቀት አንብበው ነው። መጋቢ መሾምና መሻር ላይ ደግሞ ጣልቃ እንደማይገቡ በ2012 በአንድ ድምፅ ተወስኗል። ስለዚህ መጋቢውን በሚመለከት ያላችሁ መከታ የራሳችሁ አንቀጽ ብቻ ነው።

የመመሥረቻ ጽሑፉ ከደንቡ በላይ መሆኑንም አትርሱ። ደንቡን ስታሻሽሉ ስቴቱ ዘንድ የገባው ጽሑፍ «አባላት የሉትም» ወይም «ሥልጣኑ የቦርዱ ነው» የሚል መስመር ያለው መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ከኢንተርኔት ተገልብጠው የተሞሉ ቅጾች ላይ ብዙ ጊዜ አለ። ካለ መጀመሪያ እርሱ ተሻሽሎ ክፍያው ተከፍሎ ይመዝገብ፤ ደንቡ ከዚያ በኋላ ለጉባኤው ይቅረብ።